የሐሊማ ጉድጓድና ሌሎች ውሃዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ የሚስቁብኝ በአንድ ነገር ነው። ሰው ቤት ገብቼ ውሃ ሲቀርብልኝ፣ ከመጠጣቴ በፊት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አያለሁ። ቀጥዬ አሸታለሁ። «እማዬ፣ ኧረ ሰዎቹ ምን ይላሉ?» ትለኛለች ትልቋ ልጄ። እውነቷን ነው፤ ነውር ነው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጉድጓድ ሳሸት ኖሬ፣ አፍንጫዬ ጡረታ መውጣታችንን ገና አልሰማም።

አሶሳ የመጣሁት ከትምህርት እንደወጣሁ ነው። ያደግሁት ወሎ ነው፤ የተማርኩት ኬሚስትሪ። ምደባው በወጣ ጊዜ እናቴ «አሶሳ ደግሞ የት ነው?» ብላ አለቀሰች፤ ጎረቤቱም ሊያጽናናት ተሰበሰበ። ክረምት ነበር። አውቶቡሱ ባምባሲን አልፎ በቀርከሃው መሀል ሲሄድ፣ ቀይ ጭቃ መስኮቱን ሸፍኖት ስለነበር ከተማዋን ሳላያት ነው የገባሁባት። ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ማንጎ ነው። በየግቢው ማንጎ፣ በየመንገዱ ዳር ማንጎ። «እዚህስ አልራብም» አልኩ በልቤ።

የተመደብኩበት ላብራቶሪ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን እንዳንከፍተው በክር እናስረው ነበር። የውሃ ጥራት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደለ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ጎጃሜ ነው። ገና እንደተዋወቅን አንድ ባዶ ጠርሙስ ሰጠኝና «እጠቢው» አለኝ። አጠብኩት። አሸተተውና «እንደገና» አለኝ። እንደገና አጠብኩት። ጠዋቱ በዚህ አለቀ። ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ስረዳው፣ የቆሸሸ ጠርሙስ ንጹሕ ሰው ይከስሳል።

የመስክ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ሰው ግቢ ስንደርስ የዕቃ ሣጥናችንን አያስከፍተኝም። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ይልና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። እያወራ ዓይኑ ግን ሥራ ላይ ነው፤ መሬቱ ወደየት እንደሚያዘቀዝቅ፣ መጸዳጃ ቤቱ ከጉድጓዱ በላይ ይሁን በታች፣ ልብስ የሚታጠበው የት እንደሆነ ያያል። «ውሃው የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው» ይለኝ ነበር፣ «መጀመሪያ ዙሪያውን ጠይቂ።» ሴቶቹንም ይጠይቃቸዋል። ሳሙናው አረፋ ይሰጣል? ባቄላው ቶሎ ይበስላል? ሻይ ሲፈላ ላዩ ላይ ምን ይንሳፈፋል? ከመሣሪያችን የማይወጣ ስንት ነገር ከእነሱ አፍ ሰምቻለሁ።

የሰው ገመድ ሳያስፈቅድ አይነካም። ሲያስፈቅድም እጁን ታጥቦ ነው። ጠርሙሱን በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ደጋግሞ ያለቀልቀውና እጣቢውን ራቅ አድርጎ፣ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ይደፋዋል። መለያውን በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀለም በውሃ ይለቃልና። ሰዎቹም ሁልጊዜ «ውሃው ደህና ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ጋሽ ታደለ «ደህና ነው» ብሎ መልሶ አያውቅም። «የፈለግሁትን አላገኘሁበትም» ነበር የሚለው። ያልፈለገውን አላውቅም ማለቱ ነው።

አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ሪፖርት የሚመዝነው በውፍረቱ ነበር፤ ለእሱ ካርታ እየደጋገምን እንጨምርበት ነበር። ሌላዋ መስክ ወጥታ የማታውቅ ስትሆን፣ አንድ ቀን ጎትተን ይዘናት ወጣንና ከዚያ ወዲህ መኪና ከልክላን አታውቅም። ስለ ደሞዙ የምለው የለኝም፤ የመንግሥት ደሞዝ ነው።

ግልገል በለስ ተመድቤ በሠራሁበት ጊዜ የማልረሳው ነገር ፓዌ ውስጥ ገጠመኝ። ከወሎ መጥተው የሰፈሩ አንዲት እናት ጉድጓዳቸው ድንገት ነዳጅ ነዳጅ ይል ጀመር። ሰው ሁሉ የሚያስበው ምቀኛ እንደጨመረባቸው ነው። በአነጋገሬ ያገሬ ልጅ መሆኔን ሲያውቁ እጄን ይዘው «አብሽሪ ልጄ፣ ሰው አልጠረጥርም፤ ብቻ ከየት እንደመጣ ንገሪኝ» አሉኝ። ነዳጅ የሚለካ መሣሪያ አልነበረንም። ስለዚህ ከጉድጓዱ ተነሥተን በዶማ ትንሽ ትንሽ እየቆፈርን፣ አፈሩን በእጃችን እያነሣን እያሸተትን ወደ ላይ ወጣን። ሽታው እየበረታ፣ እየበረታ ሄዶ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ አደረሰን። የናፍጣው በርሜል ከሥሩ ዝጎ ያንጠባጥባል። ባለወፍጮው አይቶ ራሱን ያዘ። በርሜሉ ተነሣ፤ ለእትዬም ሌላ ጉድጓድ ራሱ አስቆፈረላቸው። ያን ቀን ጋሽ ታደለ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። አሶሳ ስመለስ ስነግረው እንደገና እንድነግረው አደረገኝ።

አሁን ወደ መንጌ ልሂድ።

መንጌ ከአሶሳ በስተሰሜን ነው። ሰዉ ዝናብ ሲጥል ያርሳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ወንዝ ወርዶ ወርቅ ያጥባል። ወንዱም ሴቱም ያጥባል። ከወረዳው ከተማ ራቅ ካለች መንደር መልእክት መጣልን፦ ሰው ታሟል፣ ውሃው ተመርዟል የሚል። ከላይ በኩል ከሌላ አካባቢ የመጡ ሰዎች በማሽን እየቆፈሩ ወንዙን አደፍርሰውታል። የመንደሩ ሰው ጠላቱን አውቋል፤ ከእኛ የሚፈልገው ማረጋገጫውን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ጋሽ ታደለ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። አብረን ሄድን። የታመመው ሰው አልአሚን ይባላል፤ ጉድጓዱም የእሱ ግቢ ውስጥ ነው፣ በገዛ እጁ የቆፈረው። ሚስቱ ሐሊማ በሩ ላይ ተቀበለችን። ቤቷ በርታኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛዋን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፦

«አንተ ነህ የውሃ ሐኪም?» አለችኝ።

«እኔና እሳቸው ነን።»

«እሺ። ና ግባ። ሰውዬ እጁ ይንቀጠቀጣል። ድዱ ይደማል። ጥሩ ሰው ነበር ወላሂ፣ አሁን ዝም ብሎ ይቆጣል።»

አልአሚን ከማንጎው ሥር ተቀምጧል። እጁን ሲዘረጋልን ጣቶቹ አልታዘዙትም፤ ሰላምታውን በሌላኛው እጁ ደግፎ ነው የሰጠን። ይህ ሰው በመንደሩ የታወቀ የዋዛ ነፊ ነበር። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ነፊዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ይዘው በየተራቸው ይነፋሉ፤ አንዱ ተራውን ከሳተ ዜማው ይሰበራል። መለከቱንም የሚሠራው እሱ ነበር፤ ቅሉን ቆርጦ የሚገጣጥመው። «አሁን ቢላ አልሰጠውም» አለች ሐሊማ ቀስ ብላ።

ስጋቷ የባሏ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ግማሽ የሚቀዳው ከእሷ ጉድጓድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ሲሰበሰቡ፣ ወግ ሲጨዋወቱ፣ የእሷ ግቢ ነው። ውሃዋ መርዝ ነው ከተባለ ያ ሁሉ ይቀራል። በጉድጓዱ በኩል ስናልፍ በዓይኗ ትከተለን ነበር።

ከጉድጓዱ ቀዳን፣ ከወንዙ ከቆፋሪዎቹ በላይና በታች ቀዳን። ብረት ነክ ነገር የሚፈለግበት ውሃ በመስታወት ጠርሙስ፣ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ነው የሚያዘው፤ ምርመራውም አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ጠርሙሶቹን በገለባ ጠቅልለን ተነሣን። ሰማዩ ግን ቀድሞን ጠቁሯል። መንገድ ላይ ዶፉ ያዘን፤ መኪናው በጭቃው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። እኛ ጭረት አልነካንም። ከኋላ ግን የመስታወት ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ታደለ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፤ ውሃው ከወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። በሩን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። ያን ያህል ሲያዝን አይቼው አላውቅም ነበር።

እንመለስ ብንል መንገዱ ተዘጋ። ክረምቱ ከበደ፤ ድልድዩን ውሃ ወሰደው። በየሳምንቱ እንጠይቃለን፤ «አይታለፍም» ይሉናል። ያ ክረምት በሥራ ዘመኔ ረጅሙ ክረምት ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሥራዬን ትቼ የአልአሚንን ጣቶች አስብ ነበር።

መንገዱ እንደተከፈተ ሄድን። አልአሚን ማንጎው ሥር የለም። ቤት ውስጥ ተኝቷል፤ ኩባያ መያዝ ትቷል፤ ሐሊማ ናት የምታጠጣው። ወጣቶቹ ደግሞ ትዕግሥታቸው አልቋል። ግቢው በር ላይ ዱላ የያዙ ተሰብስበዋል። «ዛሬ ወረቀቱን አመጣችሁ?» አለን አንዱ። አላመጣንም። «እንግዲያው እኛ ወደ ላይ እንወጣለን» አለ። ከላይ ያሉት ቆፋሪዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ቢወጡ ምን እንደሚሆን ለመገመት ማንም አዋቂ አያስፈልገውም። ጋሽ ታደለ «ትንሽ ታገሡን» ብሎ ለመናቸው፤ እያጉረመረሙ ቆዩ።

እሱም እንደ ልማዱ ቁጭ አለ። ኩሽናው ፊት ለፊት ነው። የአልአሚን ወንድም ሳይነድ የተጠራቀመውን ወርቅ ሊያነድ ገብቶ ነበር። ከወርቁ ጋር የተጣበቀ ብርማ ድቡልቡል በብረት ማንኪያ ይዞ ከሰሉ ላይ አስቀመጠ። ነጭ ጢስ ቡልቅ ብሎ ጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ። ድስቱ እዚያው ተጥዷል። ጋሽ ታደለ ሲነሣ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

«ወንድሜ፣ አውጣው! ሁላችሁም ውጡ!»

ወጡ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሐሊማን ጠየቃት፦

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?»

«ዚበቅ ነው። ወርቅ ይሰበስባል። ከነጋዴ ነው የሚገዛው።»

ሜርኩሪ ነው። በዐረብኛ ስሙ ነው የሚጠሩት።

«በክረምቱም እዚሁ ነው የምታነዱት?»

«ውጭ ዝናብ ነው። እሱ ነው የሚያነደው፣ ባሌ። ሌላ ሰው ያበላሻል ይላል።»

«ወርቅ የምትለዩበትን ገበታስ የምታጥቡት የት ነው?»

በእጇ አሳየችን። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ነው፤ አፈሩ ላይ እንኳ ጥቃቅን ነገር ያብለጨልጫል። ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ዞር አለ። ስንመጣ እንደ መንደሩ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ነበር ያየነው።

የዚያን ዕለት ከየቦታው ቀዳን፤ አፈርም ጨመርን። ጠርሙሶቹን እስከ አሶሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት። ከመሄዳችን በፊት ግን በኩሽና እንዳይነደድ፣ ከጉድጓዱም እንዳይቀዳ ተማፀንን። ወጣቶቹንም ሽማግሌዎች ያዙልን፤ ውጤቱ እስኪመጣ ብቻ ብለው።

ውጤቱ መጣ። ይዘን ስንመለስ ሐሊማ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ነበር። አልአሚንንም ደግፈው አውጥተውታል።

«ሐሊማ፣» አላት ጋሽ ታደለ፣ «ከላይ ያሉት ሰዎች ወንዙን አደፍርሰዋል፤ እሱ እውነት ነው፣ እሱንም አንተወውም። ባልሽን ያመመው ግን ዚበቁ ነው። ዚበቁ ወንዙ ውስጥ ከላይም ከታችም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያገኘነው ጉድጓድሽ ውስጥና አፈሩ ላይ ነው። ጢሱ ደግሞ ከውሃው ይብሳል።»

«ከላይ ያለው ሰው አይደለም?»

«አይደለም።»

«እኔ ቤት ነው?»

«አዎ፣ አንቺ ቤት ነው። የሸጠላችሁ ሰው ምን እንደሆነ አልነገራችሁም። ሳታውቁ ነው።»

ሐሊማ ወደ ጉድጓዱ አየች። ከዚያ በበርታኛ ለባሏ ነገረችው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማትና አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መለሰላት። ምን እንዳለ በኋላ ጠየቅኋት። «ልጆቹን ጥራ፣ ቶሎ ጥራ፣ ወደ ላይ እንዳይሄድ» ነበር ያለው።

ከዐስር ሶላት በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። እኛ እንናገር ስንል ሐሊማ ከለከለችን። «እናንተ እንግዳ ነው። እኔ እናገራለሁ» አለችና መሀል ገባች። ከንግግሯ «ዚበቅ» እና «ወላሂ» የሚሉትን ብቻ ነው የለየሁት። ኩሽናዋን አሳየች፣ ጉድጓዷን አሳየች፣ ባሏን አሳየች። ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ ጮኸባት፤ ከእሱ በላይ ጮኸችበት። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዷ ተነሥታ እየሮጠች ወደ ቤቷ ስትሄድ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የመንደሩ የጤና ሠራተኛ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፦ «‹ልጆቻችሁን ወደ ላይ ከመላካችሁ በፊት ኩሽናችሁን እዩ› ነው ያለቻቸው።»

ዱላዎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተጋደሙ። ለካ በየቤቱ የሚነደው ያው ነበር። በየቤቱም የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው አለ፤ የሐሊማ ባል ብሶበት ስለታየ ነው እንጂ።

ጉድጓዱን የደፈነችው በማግስቱ ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሷ ጣለችበት። ከዚያ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ሌላ ሴት ግቢ ሄደች፤ ለስንት ዘመን ውሃ ስታስቀዳ የኖረች ሴት ተሰልፋ ልትቀዳ። ጋሽ ታደለ ፊቱን አዙሮ ዕቃውን ሲያሰናዳ ቆየ። እኔ ግን ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ።

አልአሚን አሶሳ ታከመ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ተላከ። ድዱ ዳነ፣ ቁጣውም በረደ። እጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም። ኩባያ ይይዛል፤ ዋዛ አይነፋም፤ ቅልም አይቆርጥም። ሐኪሙ «ከክረምቱ በፊት ብትደርሱ ኖሮ» ብሎናል። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። የሰው ጥፋት አልነበረበትም፤ ዝናብና ጭቃ ነው። ግን ዝናብን ማን ይከስሰዋል? ዋዛ ሲነፋ አልአሚን ከዳር ተቀምጦ ሲሰማ አይቼዋለሁ። አንዱ ነፊ ተራውን ሲስት ከሁሉ ቀድሞ ቀና የሚለው እሱ ነው።

መንደሩ ወርቁን አልተወም፤ ማንስ ተው ይለዋል? ማንደጃው ግን ከቤት ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ሰው በማይወስድበት በኩል ሆነ። እጣቢው ከውሃ ርቆ በተዘጋጀ ጉድጓድ ይደፋ ጀመር። ወንዙን ያደፈረሱትም ላይ ጻፍን፤ ብዙ ተመላልሰን የቆፈሩበትን ገድበው ደለሉን እንዲያስቀሩ ተደረገ። ወንዙ ግን እንደ ድሮው አልጠራም።

ጋሽ ታደለ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣ። ወዳገሩ ሲሸኝ ንግግር አድርግ ቢሉት «ጠርሙሶቹን እጠቡ» ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፉን ሰማሁ። ለቅሶው ላይ አልደረስኩም፤ ላብራቶሪ ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩለት።

እሱ የተወውን ወንበር ያዝኩ። አሶሳ አደገች፤ ጋራዥ በዛ፣ በየግቢው የግል ጉድጓድ በዛ፣ የተቃጠለ ዘይትም አብሮ በዛ። ማንጎውን ነጭ ተባይ ያዘውና ሰው መድኃኒት እየረጨ ዕቃውን ምንጭ ላይ ያጥብ ጀመር። አሁን ያሉት ልጆች በኪስ የሚያዝ መሣሪያ አላቸው፤ ውሃው ውስጥ ነክረው ቁጥሩን እዚያው ያነባሉ። ጎበዞች ናቸው። አዲስ አበባ ድረስ ጠርሙስ ታቅፎ መጠበቅን አያውቁትም፤ ባያውቁትም ደስ ይለኛል። እኔ ግን ያን የቆርቆሮ ክፍል፣ ያን በክር የታሰረ ማቀዝቀዣ፣ ጋሽ ታደለ ዝም ብሎ የሚቀመጥበትን ያን ጊዜ እናፍቃለሁ።

ጡረታ ልወጣ ስል፣ በመጨረሻው ዓመቴ፣ ቢሮ ሳለሁ ስልክ ተደወለ። ሐሊማ ናት።

«ና መንጌ» አለችኝ።

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ጉድጓድ ልንቆፍር ነው። ገና አልቆፈርንም። መጀመሪያ አንተ እይ፣ ከዚያ እንቆፍራለን።»

ዕድሜ ልኬን የተጠራሁት ከብት ከሞተ፣ ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ጎረቤት ከተጣላ በኋላ ነው። ሳይቆፈር በፊት ማንም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ሄድኩ። ከማንደጃው ራቅ ብለን፣ ከመጸዳጃ ቤቶቹ ከፍ ብለን ተመላለስን፤ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይላል፤ ተከራክረን ተስማማን። ውሃው ሳይወጣ ተመለስኩ፤ ጡረታዬም ደረሰ።

አንድ ጠዋት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኩ ጮኸ። የላብራቶሪው ልጆች ሄደው ውሃውን መርምረው መጠጣት እንደሚቻል ከነገሯቸው በኋላ ነው። ሐሊማ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠችኝም። «ዝም በል፣ ስማ» አለችኝ። ስልኩን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋችው መሰለኝ፤ ሴቶች ሲሳሳቁ፣ ገመድ ሲተረተር ሰማሁ። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ ባልዲው ውሃውን ሲመታ።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ፣ ሐሊማ» አልኳት።